ካሜራው የማያየው ተሳፋሪ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥም ሻይ ቤትም ወሬው ስለ ትራፊክ ካሜራ ሆኗል። አንዱ "ደግ አደረጉ" ይላል፣ ሌላው "ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው" ይላል። እኔም የምለው አለኝ። መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

አንድ ጠዋት አርፍጃለሁ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የኔ ነው። መገናኛ ሚኒባስ ሳገኝ ሾፌሩ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። "ቲቸር! ጋቢና ይግቡ" አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ሰዓቴን አየሁና "እባክህ ረገጥ አድርጋት፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው" አልኩት። "አያስቡ ቲቸር" አለና ለቀቃት።

ከፊት የሚመጣ ሾፌር መብራት ብልጭ አደረገለት። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ "ትራፊክ አለ" ማለት ነው። ልጁ ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ አሰረ፣ ትራፊኩን በትህትና አለፈው። ትንሽ እንደራቅን ቀበቶው ተፈታ፣ መኪናዋም በረረች። እኔም ሳቅኩ። ፈታኝ ከክፍል ሲወጣ ምን እንደሚሆን የማውቀው መምህር፣ ሳቅኩ።

ትምህርት ቤት ልንደርስ ስንል ዜብራ አለ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ መሃሉ ላይ ነበረች። ፍሬኑ ጮኸ፣ መኪናዋ ልጅቷ ጋ ልትደርስ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ደብተሯ ወደቀ። ቀና ስትል አየኋት፤ ዘጠነኛ ክፍል የማስተምራት ልጅ ናት። ደብተሯን አነሳችና ለኔ ሰላምታ ሰጥታ ተሻገረች። ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል።

ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ትቼ ቦርዱ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍኩ፤ 30 እና 60። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ብንሰጠው፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 8 ሜትር ያህል ትጓዛለች። በ60 ደግሞ 17 ሜትር ገደማ። ይሄ ገና ፍሬን ሳይያዝ ነው። ከተያዘ በኋላ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ልጅቷ ዝም ብላ ትጽፍ ነበር። ትምህርቱን ለምን እንደቀየርኩ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

የፍጥነት ካሜራን ታሪክ ስነግራቸው ግን ሳቁ። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ሞሪስ ጋትሶኒደስ የሚባል ሆላንዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. የሞንቴ ካርሎ ራሊን አሸንፏል። መሣሪያውን የሠራው ሰው ለመቅጣት አልነበረም። ኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ የበለጠ ለመፍጠን ነበር!

ስለ ካሜራው ከጠየቃችሁኝ፣ እደግፋለሁ። ካሜራ "የማን ልጅ ነህ?" አይልም። ዘመድ የለውም፣ ሻይ አይጠጣም። ግን ታርጋ ሲያነብ ሊሳሳት ይችላል፣ መኪናዋን የነዳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተቀጣ ሰው ፎቶውን አይቶ "ይሄ እኔ አይደለሁም" ብሎ የሚሰማበት ቦታ ሊኖር ይገባል። እኔ እንኳ የፈተና ወረቀት አርሜ ስመልስ ቅሬታ እቀበላለሁ።

ደግሞም ካሜራው የሚይዘው ታርጋውን ነው። ጋቢና ተቀምጦ "ረገጥ አድርጋት" ያለውን አይዝም። ያን ቀን ካሜራ ቢኖር ኖሮ ቅጣቱን ከዕለት ገቢው የሚከፍለው ያ ልጅ ነው፤ ሰዓቱን አክብሮ ክፍል ገባ የሚባለው እኔ። ከዚያ የባሰ ቢመጣም ኖሮ እስር ቤት የሚገባው እሱ ነበር።

አሁን ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እወጣለሁ። አንተ ያን ጠዋት የጫንከኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ። ሌላ ቀን ከተገናኘን ቀስ ብለህ ንዳ። ባረፍድ ለዳይሬክተሩ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።