ጀጎልን ደጋግሞ፣ ለብቻ

ሐረርን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። ጠዋት ከድሬዳዋ የተነሳ የጉብኝት ቡድን ሙዚየሙን፣ የራምቦን ቤትና አንድ የሐረሪ ቤት አይቶ፣ ማታ ከጅብ ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ እራቱን ድሬ ተመልሶ ይበላል። ቀረበት የሚባል ነገር የለም። እኔ ግን ይህ ሁሉ ታይቶ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላም የዓመት ፈቃዴ በደረሰ ቁጥር ሻንጣዬን ይዤ፣ ብቻዬን፣ ወደዚያው ነኝ። «አሁንም ሐረር? ምን ቀረሽ?» ይሉኛል የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ። የቀረኝ ብዙ ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ከመንገድ የሚታየው ግንብና የተዘጋ በር ነው፤ ኑሮው ያለው ከግንቡ ጀርባ ነው። በር ደግሞ የሚከፈተው ለሚያውቁት ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እኔ ድሬዳዋ ድረስ በአውሮፕላን ሄጄ የቀረውን በሚኒባስ እጨርሳለሁ። የደንገጎን ዳገት ስንያያዘው የድሬ ሙቀት ከኋላ ይቀርና ተሳፋሪው አንድ በአንድ መስኮት መዝጋት ይጀምራል። ቀጥሎ ሐረማያ ነው። ያ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ያየ ሰው ዛሬ ውኃው ተመልሶ ሲያይ አንገቱን ሳያዞር አያልፍም። ከዚያ አወዳይ፤ ጫት በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በጆንያ፣ በአይሱዙ፣ በሴቶች ትከሻ ላይ። ሾፌሩ የማይቆምበት ቀን ገጥሞኝ አያውቅም።

ስለ ብቻ መጓዝ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ አገር ሰው ብቻውን የሚጓዘው ለሥራ፣ ለለቅሶ ወይም ለጠበል ነው። ለመዝናናት ብቻውን የመጣ ሰው፣ ያውም ሴት ከሆነች፣ አንድ የደበቀችው ነገር አለ። ፈረንጅ ብሆን ማንም አይገርመውም ነበር። «ብቻሽን ነሽ?» የሚለውን ጥያቄ ላሊበላም ጎንደርም ጠግቤዋለሁ፤ ሐረር ላይ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። «የማን እንግዳ ነሽ?» ነው የሚሉት። ሐረሪ ሲያገባም ሲያዝንም ከአፎቻው፣ ከመረዳጃ ማኅበሩ፣ ጋር ነው፤ ሴቶቹም ወንዶቹም በየአፎቻቸው ይጠራራሉ፣ ይረዳዳሉ፣ የቀረውን ይወቅሳሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ የማንም ያልሆነ ሰው አይገባቸውም። «ከተማውን ልይ ብዬ ነው» የሚለው መልሴ ማንንም አጥግቦ አያውቅም። የማድርበትን ቤት እመቤት ስም መጥራት ስጀምር ግን ጥያቄው ቆመ። አሁን ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወዲህ ያሉ ባለሱቆች ስሜን ባያውቁም የማን እንግዳ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ይበቃኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከግንቡ ውስጥ ማደር ነው። ሆቴሎቹ ባብዛኛው ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ናቸው። ውስጥ ያሉት እንግዳ የሚያሳድሩ ባህላዊ ቤቶች፣ ጌይ ጋር የሚባሉት ናቸው። ከውጭ በሩ ሲገባ ግቢ፣ ከግቢው ሰፊው ክፍል። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የተቀባ ነው፤ ቀይነቱን በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይሉታል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሙዳይና በሣህን ተሸፍኗል። መደቦቹ፣ በእነሱ አጠራር ነደባዎቹ፣ አምስት ናቸው፤ ከፍታቸውም ክብራቸውም ይለያያል። አሚር ነደባ የአባወራውና የከበረ እንግዳ ነው፤ ጊዲር ነደባ ትልቁ ነው፤ ጥት ነደባ ትንሿ ናት፤ ሱትሪ ከለል ያለ ነው፤ አንዱ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ትራስ ተደርቦልኝ ከፍ ያለው ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ስመላለስ ቦታዬ ዝቅ እያለ መጣ። በመጨረሻ ትንሿ መደብ ላይ፣ ከልጆቹ ጎን ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት ተሰጠኝ፤ «ልጄ፣ እጅሽ ባዶ ከሚሆን ይህን ላጪ» አሉኝ እመቤቲቱ። በከተማዋ ያገኘሁት ትልቁ ማዕረግ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። እየላጥኩ የሰማሁትን የትኛውም አስጎብኚ አይነግረኝም፤ የትኛው ሰፌድ የማን ሠርግ ላይ እንደመጣ፣ የትኛው እንደማይሸጥ፣ ሙሽሮች በትንሿ ጓዳ በኪርታት ውስጥ ተዘግተው የሚሰነብቱበት ወግ እንዴት እየቀረ እንደሄደ። ሻይ አይቀርብም፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ቁጢ ነው የሚቀርበው፣ ከወተት ጋር።

የጠዋቱ መንገዴ ከሐረር በር ይጀምራል። ይህ ለመኪና የተከፈተው ስድስተኛው በር ነው፤ የጥንቶቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ከሐረር በር ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ ነው። እዚያ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ሲይዙ፣ መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው የታነጸው። አደባባዩ ላይ ቁጭ ብሎ ፈጢራ የሚበላ ሰው ይህን ሳያውቅ ማለፍ የለበትም። ከከተማው ሰው ጋር ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ግን በአንድ ቀን ትውውቅ አይሆንም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልጀምርም።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ነው። ወንዶቹ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን ደጅ አውጥተው በሁለት ረድፍ ይቀመጣሉ። ከጀርባቸው ባሉት ሱቆች ጨርቅ ይገዛና እዚያው በቆመበት ይለካል፤ ወገብና ትከሻ በዓይን፣ ርዝመት በሜትር። ደንበኛዋ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ሰፊው በሐረሪ ከጎረቤቱ ጋር ይመካከርና በአማርኛ ዋጋ ይነግረኛል። ቀሚሴን ያሳጠረልኝ ሽማግሌ ጠርዙን ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ጨርቁን አራግፈው፣ «ባለፈው ያሰፋሽው ተቀደደ ወይስ ወፈርሽ?» አሉኝ። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሚያስታውሰው ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ «ወፈርሽ» የሚለው ግን ቢቀር እመርጥ ነበር።

መንገዱ ሲያልቅ ጊዲር መጋላ ነው፣ የሥጋው ገበያ። ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ በሰሐን ይዞ የወጣ ሰው ከላይ ካልሸፈነው ሲሶው ለእነሱ ነው። ከዚያ ወደ ኤረር በር ሲወርዱ መተላለፊያዎቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ከሁሉም ጠባቧን የእርቅ መንገድ ይሏታል፤ የተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት ከተገናኙባት ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ሰላም መባባላቸው አይቀርም። ብቻዬን ስለምሄድ የምጣላው ሰው ይዤ አላውቅም።

ከቀትር በኋላ ግን ሐረር ላይ ለእንግዳ የሚሆን ነገር የለም። በርጫ ተይዟል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ክፍት የሆነውም ባለቤቱ ምርቃና ላይ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው በዚህ ይናደዳል፤ ደጋግሞ የሚሄድ ሰው ይህን ሰዓት ለቤት ውስጥ ይመድበዋል። አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ሰብስበው የከፈቱት ሙዚየም በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው። በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ በካሴት የተቀረጹ የቆዩ ዘፈኖች አሉበት። የተበጣጠሱ መጻሕፍትን ራሳቸው እየጠገኑ እንደገና ይደጉሷቸዋል።

የራምቦ ቤት የሚባለው ደግሞ፣ ያ በቀለም መስኮቶቹ የሚያምረው፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ ከሄደ በኋላ ህንዳዊ ነጋዴ የሠራው ነው፤ ይህን ሲነገራቸው ቅር የሚላቸው ጎብኚዎች አሉ። ለእኔ ስለ ራምቦ የሚገርመኝ ቤቱ አይደለም። ግጥም መጻፍ አቁሞ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ሲመጣ ቡናና ቆዳ የሚገዛ የንግድ ቤት ተቀጣሪ ነበር። ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄዶ እንደገና ተመለሰ። ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች መሰልቸቱን ሳያነሳ አይቀርም፤ ብቸኝነቱንም እንዲሁ። ከ1880 ጀምሮ የቆየበት የመጨረሻው ጊዜ ያበቃው ጉልበቱ ላይ በወጣበት እጢ ምክንያት ነው። በ1883 ዓ.ም. በሸክም እስከ ዘይላ ወረደ፤ ከወራት በኋላ ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሰለቸኝ ወደሚልበት ከተማ ሦስት ጊዜ የተመላለሰን ሰው ምን ይሉታል? ከእሱ ቀደም ብሎ በ1847 ዓ.ም. የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ለአሥር ቀን ቆይቶ ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። እኔ ከሁለቱ የራምቦ ወገን ነኝ።

አመሻሽ ላይ ከተማው ይነቃል። ሐሙስ ከሆነ በሼህ አባድር መካነ መቃብር ዚክር ይካሄዳል፤ እንግዳ በሥርዓት ከተቀመጠ የሚያስወጣው የለም፤ የሚያሳፍረው ከመጡ በኋላ ስልክ መነካካት ነው። ጅብ ማብላቱን አንዴ ማየት ይበቃል፤ በመኪና መብራት፣ በእንጨት ጫፍ፣ ለቱሪስት ነው። ደጋግሞ የሚያድር ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዋራባ ኑዱል ይባላሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጅቦቹ በእነሱ ገብተው በየመተላለፊያው የተጣለውን አጥንት እየለቀሙ ይሄዳሉ። አንድ ሌሊት ከሠርግ ቤት ስንመለስ አንዱ ከፊታችን ብቅ አለ። የቤቱ ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገኝ፤ ጅቡም እንደ ጎረቤት ሰው በሌላኛው ጠርዝ አለፈ። ልጁ ወሬውን እንኳ አላቋረጠም።

የኮሪደር ልማት ሐረርም ደርሷል። ግንቡ ዙሪያ ጸድቷል፣ ማታ መብራቱ በዝቷል፤ ለሴት ብቸኛ ተጓዥ መብራት የሚናቅ አይደለም። የሚያሳስበኝ ጽዳቱ ሳይሆን የግድግዳው ቀለም ነው፤ ከቤተሰቡ ሌላ ሰው እንዳይመርጠው። የጀጎል ግድግዳ ሰማያዊም አረንጓዴም ሐምራዊም የሚሆነው ቤተሰቡ በራሱ ምርጫ፣ በራሱ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለበዓል ሲቀባው ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የተመዘገበው ግንብ ብቻ አልነበረም፤ በውስጡ ያሉት ቤቶችም አብረው ናቸው። እመቤቲቱን ስጠይቃቸው «እኛ ቤት ቀለሙን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ማን ሊመርጥልኝ?» አሉ።

ሸዋልን አይቻለሁ። ከሮመዳን በኋላ ያለችው የስድስት ቀን ጾም ስትፈታ ወጣቱ ተውቦ የሚወጣበት፣ ከበሮው የማይቆምበት፣ ለመተጫጨት የሚተያዩበት በዓል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ለእሱ መሄድ የሚፈልግ ሰው ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ። ለእኔ የቀረኝ ዓሹራ ነው። በዚያ ሌሊት ለጅቦቹ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ደህና አድርገው ከበሉ ዓመቱ ጥጋብ ነው፣ አሸትተው ከተዉት ያሰጋል። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የእኔ ፈቃድ ደግሞ በሰው ኃይል አስተዳደር ቅጽ ነው የሚቆጠረው። ዘንድሮ ሁለቱን ለማገጣጠም ቅጹን አስቀድሜ ሞልቻለሁ። እመቤቲቱ በስልክ «ነይ፣ ገንፎው ላይ እጅ ያስፈልገናል» ብለውኛል።