የጥቅምት ድንጋይ

የተወለድሁት ጥቅምት ሚካኤል ለት ነው። ይኸን ስነግራት አንዲት የክፍል ጓደኛዬ፣ «እንግዲያው ያንተ ድንጋይ ኦፓል ነዋ!» አለችኝ። ፈረንጅ ለየወሩ አንዳንድ የከበረ ድንጋይ መድቧል። ለኦክቶበር፣ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ላለው፣ የደረሰው ኦፓል ነው። «ትርጉሙም ተስፋ ነው» ብላ ጨመረችልኝ። እኔ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ለሷ አልነገርኋትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

እኔ የደላንታ ልጅ ነኝ። ከወገልጤና አካባቢ፣ ፀሐይ መውጫ ከሚባለው መንደር አጠገብ፣ በገደሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ስስ ንጣፍ አለ። ውፍረቱ አንድ ሜትር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገሬ ጎረምሳ ዶማና መዶሻ ይዞ ገደሉን ይቦረቡራል። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ አንዳንዴ በደረት እየተሳቡ ነው የሚገቡት። የተናደበት እዚያው ይቀራል። ታላቅ ወንድሜም ከነዚሁ አንዱ ነው። እኔ እዚህ ደብተርና እስክሪብቶ የምገዛው እሱ ከዚያ አውጥቶ በሚሸጠው ነው።

አምና ለዕረፍት ስሄድ የባቄላ ፍሬ የምታክል አንዲት ኦፓል በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ።

«አያ፣ ለምን አትሸጣትም?»

«ይቺ ያንተ ናት። ሲቸግርህ ትሸጣታለህ።»

ዘወር ባደረግኋት ቁጥር ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ባንድነት ይንቦገቦግባታል። ዶርም ከተመለስሁ በኋላ አንድ ማታ፣ አቧራዋ ይልቀቅ ብዬ በኩባያ ውሃ ነክሬያት አደርሁ። ጧት ባያት ቀለም የሚባል የለም! እንደ መስተዋት ጠርታ ቁጭ ብላለች። የወንድሜን ላብ በአንድ ኩባያ ውሃ ያጠፋሁት መሰለኝና ጉልበቴ ከዳኝ።

ቤተ መጻሕፍት ሮጥሁ። ለካ ኦፓል ቀለም የተቀባ ነገር አይደለም። ውስጡ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች እንደ ሠልፈኛ ተደርድረው፣ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ስለሚበተን ነው እንደዚያ የሚያበራው። ይኸ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የወሎው ኦፓል ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ሲሞላውም ይጠራል። ሲደርቅ ይመለሳል። እውነትም በሦስተኛው ቀን፣ መስኮቱ ሥር፣ ከጠርዟ ጀምሮ ቀስ እያለች እሳቷ ተመለሰ።

በዚያው ሰበብ ሌላም ሌላም አነበብሁ። ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1829 ባወጣው ልብ ወለድ አንዲት ሴት ኦፓሏ ላይ ጠበል ይነካትና ድንጋዩ ይደበዝዛል፤ እሷም ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ በአውሮጳ ኦፓል ገደቢስ ነው ተብሎ ተፈራ ይላሉ። ያቺ ሴት እንደኔ ሦስት ቀን ብትታገሥ ኖሮ! የወራቱን ድንጋዮች ዝርዝር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ያጸደቁት የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ናቸው። ተስፋውንም የሚሸጡት እነሱው ናቸው ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ፕሊኒ የተባለው ጥንታዊ ጸሐፊ የተረከው ነው። ኖኒዩስ የሚባል የሮም ሴናተር ነበረ። ማርክ አንቶኒ ኦፓሉን ተመኘበት፤ ሰውዬው ድንጋዩን ከሚሰጥ ይልቅ ቀለበቱን ብቻ ይዞ መሰደድን መረጠ።

እኔ ኖኒዩስ አይደለሁም። ዘንድሮ የገደሉ ናዳ የወንድሜን እግር መታው የሚል ወሬ ሲደርሰኝ፣ ያቺን ድንጋይ ይዤ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። ሰውዬው በምላሱ ነካ አድርጎ፣ «ይቺማ ውሃ ትጠጣለች» ብሎ ዋጋዋን ሰበረው። አልተከራከርሁም። ገንዘቡን ለመታከሚያ ላክሁለት። ወንድሜ ተቆጣ፤ «ላንተ መማሪያ ነበር እኮ የሰጠሁህ!» ብሎ።

አሁን እግሩ ድኗል። ድኖም ወደ ጉድጓዱ ተመልሷል፤ እኔም እሱ በሚልክልኝ እዚህ ተቀምጬ እማራለሁ። ጓደኛዬ ድንጋዬን አሳየኝ ስትለኝ ሸጥኋት አልኋት። «ውይ፣ ተስፋህን!» አለች።

ተስፋዬስ ገደል ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ነው። ቶሎ ተመርቄ ላወጣው እችል ይሆን? ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰኝ ጥያቄ ይኸ ነው።