ውሃው እስኪመጥ

ወጥ ያልተሠራበት ቀን እራት እንደተበላ ከማይቆጠርበት ቤት ነው የወጣሁት። እናቴ ሽንኩርቷን ከትፋ፣ አቁላልታ፣ በርበሬውን አብስላ፣ ቅቤ አግብታ እስክታወጣ ድረስ እኛ ልጆቹ ሳሎን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። እኔ ወንድ ስለሆንኩ ማጀት ብቅ ስል "ሂድ ጥናትህን አጥና" እባላለሁ። ስለዚህ አሠራሩን አላየሁም። ያየሁት የሚፈጅባትን ጊዜና ሽንኩርቱ ያቀላውን ዓይኗን ነው። ከዚህ ተነስቼ አንድ እምነት ያዝኩ፤ ለቤተሰብ የሚቀርብ ምግብ ድካሙ የሚታይ መሆን አለበት፣ ያልደከሙበት ምግብ ለሚወዱት ሰው አይቀርብም የሚል። ይህ እምነት ሜሪላንድ ድረስ ተከትሎኝ መጣና የራሴን ልጆች እራት ሲያሳጣቸው ከረመ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር አበሻ እንጀራም፣ በርበሬም፣ ንጥር ቅቤም ማግኘት አይቸግረውም። የሚቸግረው ጊዜ ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል የማታ ፈረቃ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ትመለሳለች። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምወስድ እኔ ነኝ፤ ቤት ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እሑድ የምትሠራው ወጥ ማክሰኞ ያልቃል። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ የእኔ ናቸው።

በበጋው ነገሩ ብዙም አያስታውቅም። ቀኑ ረጅም ነው፣ ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ፣ ፍራፍሬና ሳንድዊች እየበሉ ያመሻሉ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን፣ በተለይ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። ልጅ በጨለማና በብርድ ቤቱ ሲገባ ትኩስ ነገር ይጠብቃል። እኔ ደግሞ በዚያው ጨለማ ውስጥ መኪናዬን ወደ አንዱ የፈጣን ምግብ ቤት መስኮት አዞር ነበር። ድንቹንና የተጠበሰውን ዶሮ በወረቀት ከረጢት ተቀብለን፣ ቤት እስክንደርስ ይቀዘቅዛል ብለን፣ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ይበሉታል።

ባለቤቴ በእረፍቷ ትደውላለች። "ልጆቹ በሉ?" ትለኛለች። "በልተዋል" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን እውነቱን እየሸሸሁ እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንድ ምሽት ትንሿ ልጄ ስልኩን ተቀብላ "መኪና ውስጥ ነው የበላነው" አለቻት። ስልኩን መልሼ ስቀበል ባለቤቴ አልተቆጣችም። "ለምን አልሠራህም?" እንኳ አላለችኝም። "ቢያንስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸው" ብቻ ነው ያለችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀችኝ ነገር በጣም ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ያንንም አልሰጠሁም።

ለምን አልሰጠሁም ብዬ ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ስንፍና አልነበረም፤ ኩራት ነው። ወጥ መሥራት አልችልም፤ ወጥ ካልሆነ ደግሞ እራት አይደለም። ሙሉውን መስጠት ካልቻልኩ ትንሹን ማቅረብ አሳፈረኝ። ብዙ አባቶች፣ እናቶችም ጭምር፣ በዚህ መንገድ ባዶ እጃቸውን እንደሚቀመጡ አሁን አውቃለሁ፤ ሰው ሲጋብዙ ሦስት ዓይነት ወጥ ካልሠሩ የማይጋብዙ፣ ስለዚህም ከናካቴው ማንንም የማይጋብዙ ሰዎች በመካከላችን ሞልተዋል።

ሥራ ቦታ አብሮኝ የሚውል አሜሪካዊ ነው መፍትሔውን የነገረኝ። እሱም ልጆች አሉት። ከሥራ ሲመለስ ዶሮውንና አትክልቱን ባንድ ሰፊ የኦቭን ትሪ ላይ ዘርግቶ ያስገባል፤ ምግቡ እስኪበስል የልጆቹን የቤት ሥራ ያያል። የሚታጠበውም ያው አንዱ ትሪ ነው። እሱ ይህን እንደ ተራ ነገር ነበር የነገረኝ። እኔ በዚያው ሳምንት ጠርዝ ያለው፣ 46 በ33 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ትሪ ገዝቼ ገባሁ።

የመጀመሪያው እራት አሳፋሪ ነበር። የዶሮ ደረት ገዛሁ፣ ንጹሕ ሥጋ መስሎኝ። እናቴ እንደምታደርገው በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጠብኩትና ውሃው እየተንጠባጠበ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። ድንች፣ ካሮትና ያቺን አንገቷ ረጅም የሆነች፣ እዚህ አገር ባተርነት የሚሏትን ዱባ በትልልቁ ቆራርጬ ጨመርኩ። ሽንኩርት ከመርኩበት። ቦታ ሲያልቅ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩት። በላዩ በርበሬ ነሰነስኩና ኦቭኑን 350 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 175 ሴንቲግሬድ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ስከፍተው ትሪው ላይ ሾርባ ተኝቷል። ድንቹ ጥሬ፣ ዱባው የላሸቀ፣ ደረቱ እንደ ክር የተተለተለ፣ ከላይ የቀረው በርበሬ ጠቁሮ የሚመር ነበር። ልጆቹ ዳቦ በሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ። ምን እንደተበላሸ አልመረመርኩም፤ "የፈረንጅ አሠራር ጣዕም የለውም" ብዬ ደመደምኩ። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬ ጨመርኩ። ከዚያ አዋዜ፣ ከዚያ ተጨማሪ ቅቤ። ችግሩ ውሃ ሆኖ ሳለ በቅመም ልሸፍነው ሞከርኩ። ምግቡ እየከፋ በሄደ ቁጥር በልቤ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር፤ ያልደከሙበት ምግብ ምግብ አይደለም የሚለው እምነቴ ትክክል እንደሆነ እያረጋገጠልኝ ነበርና።

ለእናቴ መደወል የነበረብኝ ገና ከጅምሩ ነው። ግን እኔ ኦቭኑ ፊት በምቆምበት ሰዓት አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ እሷ ተኝታለች። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ እየነዳሁ ደወልኩላት። ዶሮ በኦቭን እየሠራሁ አልሆን እንዳለኝ ስነግራት በመጀመሪያ የጠየቀችኝ "አንተ ነህ የምትሠራው?" ብላ ነው። ቀጥላ ሁሉንም ዘርዝሬ እንድነግራት አደረገችኝ። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ "ልጄ፣ አጨናንቀኸዋል። ሽንኩርት ሲበዛ ድስቱ ሰፊ መሆን አለበት። ውሃው ሳይመጥ ምን ብታገባበት ቅቅል ነው የሚሆንብህ።"

እናቴ ኦቭን ኖሯት አያውቅም። የነገረችኝ ግን ሙሉ በሙሉ የኦቭን ትምህርት ነው። ሽንኩርትና ዱባ ከክብደታቸው ከ85 እስከ 90 ከመቶው ውሃ ነው። ውሃው እስኪተን ድረስ የምግቡ ገጽ ከ100 ሴንቲግሬድ ብዙም አያልፍም፤ ያ ደግሞ መቀቀያ ሙቀት ነው። ምግብ የሚቀላውና ያ የጥብስ ሽታ የሚመጣው ገጹ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። አትክልቱ ተደራርቦ ከተቀመጠ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ አንዱ ሌላውን ይቀቅላል። እናቴ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቷን ያለ ዘይት እያማሰለች በደረቁ የምታቁላላው ለዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ውሃው እንዲያልቅ፣ ቀጥሎ ቅቤው የሚገባበት ቦታ እንዲያገኝ። ከምድጃው አጠገብ የሚያቆማት ይህ ሥራ ነው። ሰፊ ትሪና ኃይለኛ ኦቭን ያንኑ ሥራ ማንም ሳያማስል ይሠሩታል። እኔ በድካምና በአቋራጭ መካከል የተደቀነ ምርጫ መስሎኝ የነበረው፣ ለካ አንድ ሥራ በሁለት መንገድ ነው።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ደረቱን ትቼ አጥንትና ቆዳ ያለውን ታፋ እገዛለሁ፤ ስቡና ጅማቱ ስለሚያለዝበው ትንሽ ቢቆይም አይደርቅም። ማታ አጥቤ (የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ፍንጣቂው ጀርም ያሰራጫል ብሎ ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላል፤ እኔ ልማዴን ስላልተውኩ ማጠቢያውን በሳሙና ፈትጌ አጸዳለሁ) በወረቀት ፎጣ እስኪደርቅ አደርቀውና ጨው ነስንሼ ሳልከድን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ዱባውንም እሑድ ልጬ በአውራ ጣት ጫፍ ልክ እቆርጠዋለሁ። መላጡ ነው ጊዜ የሚበላው፤ ከመላጡ በፊት አንገቷን ከሆዷ ለይቶ መቁረጥ ሥራውን ያቀላል። ዘሩን አልጥለውም፤ ልጆቹ ተቆልቶ ይወዱታል።

ቤት እንደገባን፣ ጃኬት ሳላወልቅ፣ ኦቭኑን 425 ፋራናይት ላይ አደርጋለሁ፤ 220 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ባዶውን ትሪ አብሬ አስገባዋለሁ፣ አትክልቱ ሲያርፍበት እንዲንጫጫ። ዱባውንና በትልልቁ የተከፈለውን ቀይ ሽንኩርት ዘይትና ጨው አሽቼ እዘረጋለሁ፤ በመካከላቸው የትሪው ወለል መታየት አለበት። ታፋዎቹን ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ለአራት ሰው የሚበቃው ባንድ ትሪ አይዘረጋም፤ ሁለተኛ ትሪ ገዝቻለሁ። የሚታጠበው ይበዛል፤ ቢሆንም ከመደራረብ ይሻላል። በርበሬውን ግን መጀመሪያ አልነካውም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በቀለጠ ንጥር ቅቤ በጥብጬ ዶሮውንም ዱባውንም እቀባዋለሁ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች በርበሬውን ያበስሉታል፣ አያሳርሩትም። የዶሮ ውስጡ 165 ፋራናይት ከደረሰ ለመብላት አያሰጋም፤ ታፋ ግን እስከ 180 ሲደርስ ነው ከአጥንቱ የሚላቀቀው። ርካሿን የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ እላለሁ፤ እንደ እኔ በዓይኑ መገመት ያልተማረ ሰው ያስፈልገዋል።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። መጸው ላይ ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጽጌን በፈቃዳቸው የሚጾሙም አሉ፣ ባለቤቴም አንዷ ነች። በዚያ ጊዜ ታፋውና ቅቤው ቀርተው የታሸገ ሽምብራ ይገባል፤ እሱንም ውሃውን አጥልሎ ማድረቅ ግድ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ግን ጥቅል ጎመን ነው። ድንች፣ ካሮትና ጎመን በእርድ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሲሠራ ልጆቼ የላላውን ጎመን ወደ ዳር ይገፉት ነበር። እዚያው ቅመም ውስጥ ሆኖ ትሪው ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ ሲቃጠል ግን ከድንቹ ቀድመው ይጨርሱታል። ድንቹን አነስ አድርጎ መቁረጥ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም እንዳያር ዘግየት ብሎ መጨመር ነው።

ከትሪው ግርጌ የሚቀረውን ቅቤና የዶሮ ጭማቂ እንጀራ ላይ አፈሰዋለሁ። ይህን ያደረግኩት እንጀራ ሳይኖር እራት የማይመስለኝ ሰው ስለሆንኩ ነው፤ ልጆቹ ግን ዋናው ምግብ እሱ ሆኖባቸዋል። ኦቭኑ ሥራውን በሚሠራባቸው አርባ ደቂቃዎች ጠረጴዛው ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ትልቁ ማካፈል ይዟል፤ ትንሿ ፊደል ትጽፋለች። የእናቴ ድካም ይታየኝ ነበር፣ እሷን ግን እስክትጨርስ ድረስ አላገኛትም ነበር። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና "እኔም ማጀት ውስጥ ብቻዬን መሆኑን አልወደውም ነበር" አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያ ሁሉ ሰዓት እሷ የመረጠችው ይመስለኝ ነበር። እርዳኝ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ልርዳሽ ብያት አላውቅም።

ባለቤቴ ስትመጣ የእሷን ድርሻ አሞቅላታለሁ። ቆዳው በማይክሮዌቭ ስለሚላሽቅ አነስተኛው ኦቭን ውስጥ አምስት ደቂቃ አስገባዋለሁ። የእሑዱን ወጥ ግን አልተወችም፣ እኔም እንድትተው አልለምናትም። ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አውጥቶ፣ ሽንኩርቱን ሰዓታት አቁላልቶ የሚሠራ ሰው በትሪ አይተካም። ያ የበዓልና የእሑድ ነው። አሁን እሑድ ጠዋት ሽንኩርቱን የምልጠውና የምከትፈው እኔ ነኝ፤ ልጄ ደግሞ አጠገቤ ወንበር ላይ ቆሞ ያማስላል፤ ውሃው መምጠጡን የሚነግረንም እሱ ነው።