ማታ በ4 ተኝቼ በ10 እነቃለሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ለመጡ ወገኖች እንግሊዝኛ በማስተምርበት አዳራሽ፣ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ቀሩና ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው፣ “ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ለእንቅልፌ ብዬ ሄጄ የሰጡኝ ናት” አሉኝ።

ወረቀቷ የምትለው ይህን ነው። ማታ ማታ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንሱ፤ የመኝታ ሰዓትዎን በየጥቂት ቀኑ ቀደም ያድርጉ፤ ጠዋት እንደነቁ ወደ ብርሃን ይውጡ። ምክሩ ለሚገባው ሰው ጥሩ ነው። የእትዬን ኑሮ ግን አይመስልም። እትዬ አምሽተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

“እትዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚተኙት?”

“ማታ በ4 ተኝቼ በ10 እነቃለሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።”

“ለሐኪሙስ ምን አሉት?”

“ይኸው አንተ እንዳስተማርከኝ ነዋ። አይ ስሊፕ አት ፎር፣ አይ ዌክ አፕ አት ቴን።”

ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም። ቁጥሩንም ግሱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ያላስተማርኳቸው አንድ ነገር ሰዓታችን ከአሜሪካኖቹ ሰዓት በ6 እንደሚለይ ነበር፤ ያውቁታል ብዬ አልፌው ነበርና። በርግጥም ያውቁታል። አውቶቡስ አያመልጣቸውም፣ ሥራም አይረፍድባቸውም። ነገር ግን ሰው ሲጨንቀው የሚቆጥረው በልጅነቱ ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ከፀሐይ ጋር ነው፤ ማታም ከጀምበር ጋር። በዚያ አቆጣጠር ማታ 4 ማለት ለአሜሪካኑ 10 ነው፤ ሌሊት 10 ደግሞ ለእሱ 4።

ሐኪሙ የሰማው እንግዲህ ሌላ ሰው ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል ተኝቶ ረፋድ ላይ የሚነቃ ሰው። የተኙበት ሰዓት ብዛት በሁለቱም 6 ነው፤ ሕመሙ ግን ለየቅል ነው። አምሽቶ የሚተኛን ሰው የሰውነት ሰዓት በብርሃንና በልማድ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። በጊዜ ተኝቶ ገና ሳይነጋ የሚነቃንና ተመልሶ እንቅልፍ እምቢ የሚለውን ሰው ግን ሐኪም የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ምን ያስጨንቅዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ሐዘን ደርሶብዎታል? እንዲህ ያለ የማለዳ መንቃት ከድባቴ ምልክቶች አንዱ መሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። ለእትዬ ያ ጥያቄ ሳይመጣ ቀረ። ሐኪሙን አልወቅስም፤ ለሰማው ነገር ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉን ትምህርት ቀየርኩት። ባንክ ቤትና ሱፐርማርኬት የሚሉት ምዕራፎች ይቆዩ። ሰው መጀመሪያ ስለ ገላው መናገር ይቻል።

ስንጀምረው ነው ጉዳዩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የገባኝ። አማርኛችን “አለኝ” እና “አለብኝ” የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ስኳር አለኝ ያለ ሰው ጓዳው ውስጥ ስኳር አለው። ስኳር አለብኝ ያለው ግን በሽታ ተጭኖታል። ያቺ አንዲት “ብ” ሸክም ናት። እንግሊዝኛ ይህን አይለይም። ቤትም “ሃቭ” ነው፣ ራስ ምታትም “ሃቭ” ነው። እኛ ደግሞ በሽታውን በብልቱ ስም እንጠራለን፤ ጨጓራ አለብኝ፣ ኩላሊት አለብኝ እንላለን። አንድ ተማሪዬ ለነርሷ “አይ ሃቭ ስቶማክ” ብሏት ዝም ብላ እንዳየችው ነገረኝ። ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና ምን ትበል? ደም ብዛትን ቃል በቃል የተረጎመችው እህት ደግሞ ብዙ ደም ይፈሳታል ተብሎ ተጠርጥራ ለሌላ ምርመራ ተላከች። ደም ማነስም እንደዚሁ ያሳስታል። “ሎው ብለድ” ሲባል ሰሚው የግፊት መውረድ ይመስለዋል። ስለዚህ አሁን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው የብልቱን ስም ብቻ ሳይሆን የሚሰማውን ነው፤ ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ባር ባር ይለኛል። የመጨረሻዋን እስካሁን በአንድ ቃል አልቻልኳትም። እየዞርን ነው የምናስረዳት።

ወደ እንቅልፍ ስንመጣ ልዩነቱ ይብሳል። በአማርኛ እንቅልፍ ራሱ ባለጉዳይ ነው። ይወስደናል፣ ይጥለናል፣ ሸለብ ያደርገናል፣ ሲከፋም እምቢ ይለናል። በእንግሊዝኛ ግን ተኚው ሰው ነው፣ ያልተኛውም ሰው ነው። ሐኪሙ የሚጠይቃት ጥያቄም በዚያ ቋንቋ የተሰፋች ናት። ችግርህ “ፎሊንግ አስሊፕ” ነው ወይስ “ስቴይንግ አስሊፕ”? ማለትም አልጋ ላይ ወጥተህ እንቅልፍ እስኪወስድህ ነው የምትቸገረው፣ ወይስ ከወሰደህ በኋላ እየነቃህ? የእኛ ሰው ሁለቱንም “እንቅልፍ የለኝም” በምትል አንዲት ሐረግ ይመልሳል። የሕክምናው መንገድ የሚለየው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። “ደከመኝ”ም ጣጣ አላት። እንቅልፍ ያዳፋው ሰው “ስሊፒ” ነው፤ ተኝቶ ተነስቶም አቅም ያጣው “ታየርድ” ነው። ሾፌር ለሆነ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው መሪ ላይ እያለ ያንጎላጀዋል።

ስለ ማንኮራፋት ወንዶቹ መናገር ያፍራሉ፤ ሚስቶቻቸው ናቸው የሚናገሩት። በእንቅልፍ መሀል ትንፋሹ እየተቋረጠ እንደገና እየቃተተ የሚመለስ ሰው “ስሊፕ አፕኒያ” ሊኖረው ይችላል። መድኃኒት እየተወሰደ አልወርድ ከሚል ደም ብዛት ጀርባም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሚስት ብትሄድና በአማርኛም ቢሆን ብትናገር ይሻላል።

ከሁሉ ያቆየን ዱካክ ነው። ሌሊት በፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ ቀን ሲተኛ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር እየተቀመጠ መጮህም መንቀሳቀስም እንደሚከለክለው ነገረን። ለሐኪም ነግሮ አያውቅም። “አብዷል ይሉኛል ብዬ ፈራሁ” አለ። መዝገበ ቃላት ብንገልጥ “ናይትሜር” የሚል አገኘን። የቃሉ ታሪክ ደግሞ ይገርማል። ውስጡ ያለው “ሜር” ባዝራ ማለት አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ የተኛ ሰው ደረት ላይ የሚቀመጥ መንፈስ ስም ነበር። የእንግሊዝ ገበሬም ያው ዱካክ ነበረው ማለት ነው! ዛሬ ግን ቃሉ ቅዠት ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ ለሐኪም “ናይትሜር” ቢባል አይገባውም። “ስሊፕ ፓራሊሲስ” ነው የሚባለው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ያየነውን ሁሉ ተነስተን እንዳናደርገው። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ሲዘገይ፣ ለሴኮንዶች ወይም ለጥቂት ደቂቃዎች ዱካክ ይሆናል። እንቅልፉ በተዛባ፣ ሥራው በፈረቃ በሆነ ሰው ላይ ይበዛል። በራሱ ሰው አይገድልም። ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ለሐኪሙም በስሙ ይነገረው። ልጁ ቃሉን መዳፉ ላይ ጻፈው።

ያ ወጣት ሌላም ነገር አስታወሰኝ። እኔም እንደመጣሁ 3 ዓመት ሌሊት ሠርቼ ጠዋት በቀጥታ ክፍል እገባ ነበር። የተማርኳቸው ቃላት እስከ ማታ አይቆዩኝም። ዕድሜዬ ሄዷል፣ ጭንቅላቴ አልቀበል ብሏል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ማንም እንቅልፍ የትምህርቱ ግማሽ ነው ብሎ አልነገረኝም። በ1924 እ.ኤ.አ. ጆን ጄንኪንስና ካርል ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት አስጠኗቸው። ተማሪዎቹ አጥንተው ሲተኙ ያስታወሱት፣ አጥንተው ነቅተው ሲውሉ ካስታወሱት በእጅጉ በለጠ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ምክንያቱን አብራርተዋል። ቀን የቃረምነውን አንጎል ሌሊት፣ በተለይ በከባዱ እንቅልፍ ጊዜ፣ እየደጋገመ ወደ ጎተራው ያስገባዋል። ያልተኛ ሰው ያጭዳል እንጂ አይከትም። የትርፍ ሰዓት ሥራ ሠርቶ በ3 ሰዓት እንቅልፍ ክፍል የሚመጣ ወገን ቃል ሲጠፋው “ደደብ ነኝ” ሲል ስሰማ አንጀቴ ይቆስላል። ደደብ አይደለህም ወንድሜ። እንቅልፍ ተቀምተሃል። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው።

ቡናንም ላንሳ፣ ቅር አይበላችሁ። የጠጣነው ካፌይን እኩሌታው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ደማችን ውስጥ ነው። ከሥራ መልስ ማታ የምናፈላው ቡና በረካው ሲደርስ እኩለ ሌሊት ላይ ቁጭ አድርጎ ያሳድረናል። ጀበናዋን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንዴት እላለሁ? እሑድ ቀን ላይ ትፈላ።

አሁን የሚከነክነኝን ልናገር። ብዙ ቤት ውስጥ አስተርጓሚው ልጅ ነው። የ11 ዓመት ልጅ የእናቱን ማሕፀን፣ የአባቱን ድባቴ ለሐኪም ይተረጉማል። ይህ ለልጁም ለወላጁም ግፍ ነው። እናት ልጇ ፊት “መሞት ያምረኛል” አትልም፤ “ደህና ነኝ” ነው የምትለው። በ1980 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት የኩባ ተወላጅ ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቦቹ በስፓኒሽ የተናገሯት አንዲት ቃል፣ የበላው ነገር መርዞታል ለማለት የታሰበችው፣ ዕፅ ወስዷል ተብላ ተወሰደች። ሐኪሞቹ በዚያ ግምት ሲያክሙት አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ካሳው 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ በመሀል አልነበረም።

ኦባማኬር የምንለው የ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ ክፍል 1557 የሚባል አንቀጽ አለው። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። በደንቡ መሠረት ልጅን ማስተርጎም የሚፈቀደው በድንገተኛ ጊዜ፣ አስተርጓሚ እስኪገኝ ብቻ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ “አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ” በሉ። እንግሊዝኛ የምትሞክሩም ብትሆኑ በሉ። እንግሊዝኛችንን ገበያ እንለማመደው፤ ሕመማችን ግን መለማመጃ አይሁን።

እትዬ ጥር ላይ ተመልሰው ሄዱ። “ና፣ አጠገቤ ብቻ ተቀመጥ፤ አትተርጉምልኝ” አሉኝና አብሬያቸው ገባሁ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፣ ድምፅዋ የጎንደር ልጅ ይመስላል። ሰዓቱን አስተካክለው ተናገሩ፤ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ትቶ ዞረ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቃቸው።

እትዬ ብዙ ቆዩ። “ወንድሜን ካረዱኝ ጀምሮ ነው” አሉ። “በሩ የተንኳኳው ሌሊት በ10 ሰዓት ነበር። ዘመዶቼ ከሥራ በፊት ተሰብስበው መጡ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁንም በ10 ስነቃ፣ የሚያንኳኳ አለ እያልኩ ነው የማዳምጠው።”

አስተርጓሚዋ ለመርዶ አንድ ቃል አልበቃትም። እኛ ዘንድ የሞት ዜና በማለዳ፣ በሰው ተከቦ እንደሚነገር፣ ሰው ብቻውን እንዳይሰማው እንደሚጠነቀቁ አስረዳችው። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋና አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቀ፣ የወንድምዎ ስም ማን ነበር ብሎ። እትዬ አስተርጓሚዋን አልጠበቁም። ስሙን ነገሩት።