እጃቸውን የምንለቅበት ክረምት

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» የሚለው የወላጅ ጥያቄም ይጀምራል። ብዙዎቻችሁ መዋኛ ገንዳን ትመርጣላችሁ። ደግ መርጣችኋል። አምና የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ያለቀሰው ልጅ ዘንድሮ «አትያዙኝ!» ሲል እንደመስማት የሚያስደስት ነገር የለም። እኔ ግን የልጆቻችሁን ዕድገት በሌላ መንገድ የሚያሳያችሁ ሌላ ውሃ ልጠቁማችሁ።

ቦታው የአዊ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው እንጅባራ አጠገብ ነው። የአካባቢው ሰው ኮሶበር ይላታል። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ የክረምቱ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ጃኬትና ቦት ጫማ አትርሱ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ፣ ክብ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገርለታል። ያ ሰፊ ጣና እንኳ በጥልቁ ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር ወላጅ ሆናችሁ አስቡት። ገንዳ ደረጃ አለው፤ ልጅ ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ደረት እያለ ይለምደዋል። ዘንገና ደረጃ የለውም። ስለዚህ እዚህ የሚለካው ልጁ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ አይደለም፤ ማንም ሳይይዘው የት ላይ መቆም እንዳለበት ማወቁ ነው።

ባለቤቴ የኮሶበር ልጅ ስለሆነች ለልጆቻችን ክረምት ማለት አያቶቻቸው ቤት ነው። ትልቋ ልጃችን በአራት ዓመቷ ዘንገናን ያየችው ታዝላ ነበር። በስድስት ዓመቷ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ «አባዬ፣ ከቤታችን ፎቅ ይበልጣል?» አለችኝ። በስምንት ዓመቷ እጄን አልያዘችም። ከውሃው ራቅ ብላ አንድ ዛፍ ሥር ቆመችና ታናሽ ወንድሟን «እዚህ ጋ ይበቃል» አለችው። «ተጠንቀቁ» ልል አፌን ስከፍት ቃሉን ቀድማ ነጠቀችኝ። ኩራትና ትንሽ ብቸኝነት አንድ ላይ የሚመጡበት ሰዓት እንዳለ ያኔ ገባኝ።

ከተማዋም ለልጅ ታስተምራለች። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 በድምቀት ይከበራል። በክረምት ትርኢቱ ባይኖርም ፈረሱ አለ። ልጆቻችን በመጀመሪያው ዓመት ከሩቅ አዩት፣ በሁለተኛው ነኩት፣ በሦስተኛው አጎታቸው ልጓሙን እየሳበላቸው ተቀመጡበት። ገበያ ላይ ደግሞ የቀርከሃ ዕቃ ዋጋ ራሳቸው እንዲጠይቁ እንልካቸዋለን፤ እኛ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለን እናያለን።

እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ ደንበኛን ለመያዝ ሁልጊዜ አዲስ ነገር እንፈልጋለን። ለልጅ ግን የሚሻለው ተቃራኒው ይመስለኛል። በየዓመቱ አዲስ ቦታ የሚሄድ ልጅ ቦታውን ያያል፤ ወደ አንድ ቦታ የሚመላለስ ልጅ ግን ራሱን ያያል። ሐይቁ ያው ነው፤ የተለወጠው እሱ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዝናብ ሳይጀምር ጠዋት ውጡ፤ የሐይቁ ዳር ሲርስ ያንሸራትታል። ትልልቆቹን ልጆች መንገድ እንዲመሩ ፍቀዱላቸው፤ ዓይናችሁን ግን ከማንኛቸውም ላይ አታንሡ። መዋኘት ከናፈቃቸው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስትቀጥሉ ባሕር ዳር ላይ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ታገኛላችሁ። ዘንገና ዳር መቆምን የተማረ ልጅ ገንዳ ውስጥም ልኩን ያውቃል።