የዝምታ ዋጋ

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሲኒማ የጥፋት በር ነው እየተባልሁ አደግሁ። መምህር ሆኜም ይህንኑ ቃል ለተማሪዎቼ ስደግም ኖርሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የእህቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ከሚገኘው ቤቴ መጥቶ አንድ ፊልም አሳየኝና ሐሳቤን ለወጥሁ።

ፊልሙ የሔርሞን ኃይላይ ድርሰትና ዝግጅት የሆነው፣ በ2007 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል የታየው «ፕራይስ ኦፍ ላቭ»፣ ማለትም «የፍቅር ዋጋ» ነው። ቴዲ እናቱ ሴተኛ አዳሪ የነበረች፣ አንድ ቄስ እንደ አባት የሚመክሩት የአዲስ አበባ ባለ ታክሲ ነው። ፍሬ የምትባል ሴተኛ አዳሪን ወደ ዐረብ አገር ሊሸጣት ከሚሻ ሰው ለማዳን ሲገባ፣ ታክሲው ይሰረቅበታል።

ቴዲን የሚጫወተው እስክንድር ታምሩ ጀግና ለመምሰል አይደክምም፤ በጎ ሠርቶ የተጸጸተ ሰው ምን እንደሚመስል ያሳየናል። ፍሬን የምትጫወተው ፍሬወይኒ ገብረግርግስም እንባችንን አትለምንም፤ ማንም ያምነኛል ብላ የማትጠብቅ ሴት ሆና ትታያለች። ችሎታቸውን የማደንቀው አንዱን ጻድቅ፣ ሌላይቱን ኃጢአተኛ አድርገን እንዳንፈርድ ስለሚከለክሉን ነው።

ነገር ግን ፊልሙን እያየሁ ልቤ ወደ ቡሬ ሄደ። በዚያ ሳስተምር አንዲት ጎበዝ ተማሪዬን ከመናኸሪያው አጠገብ አገኘኋት፤ የማላውቀው ሰው አብሯት ቆሟል። «ጋሼ፣ ሥራ ተገኘልኝና መሄዴ ነው» አለችኝ። እኔም ስለ ከተማ ክፋት ረጅም ምክር ሰጥቼ መረቅኋት። ሰውየው ማን እንደ ሆነ፣ መሳፈሪያዋን ማን እንደ ከፈለ፣ ዕዳውንስ በምን እንደምትመልስ ከቶ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን አልሰማሁም።

ፊልሙ በታየበት በ2007 ዓ.ም. በሰው መነገድን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 909 ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ። ሕጉ መልካም ነው። ዳኛ ግን ከመናኸሪያ በር አይቆምም፤ በዚያ የሚያልፈው ጎረቤትና መምህር ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ የከተማ ወንጀል ሁሉ በከተማ የሚጀመር አይምሰልህ። ቴዲ በሰው ጉዳይ ገብቶ ታክሲውን አጣ። እኔ ዝም ብዬ አለፍሁ፤ ከደመወዜም ከጡረታዬም አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ዋጋው ተከፍሎ እንደ ሆነ የከፈለችው እርሷ ናት። ስለዚህ መንገደኛን ከመምከርህ በፊት፣ ማን እንደሚወስዳት ጠይቅ።