ከልጆች ጋር ወደ ወንጪ፦ ቁልቁለቱ ያስቃል፣ ዳገቱ ያስለቅሳል

እሁድ መጣ ሲባል ልጆቻችንን የት ነው የምንወስዳቸው? ወይ ኬክ ቤት፣ ወይ ዘመድ ጥየቃ፤ አለዚያም ቴሌቪዥኑ ፊት ኮልኩሎ መተው ነው። ደኑም፣ ፏፏቴውም፣ ሐይቁም ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በሚሆን መንገድ ላይ ተቀምጠው ሳለ!

የወንጪን ሐይቅ ያላየ አንባቢ ካለ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እሳተ ገሞራ እንደ ድስት ባጎደጎደው ተራራ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። የተራራው ከፍታ ከ3 ሺህ 300 ሜትር ይበልጣል፤ ሐይቁን ከአፋፉ ሆነው በመቶዎች ሜትር ቁልቁል ያዩታል። ገደሉ ላይ አስታው፣ ከታች እንሰቱና የገብሱ ማሳ፣ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ፍል ውሃና ትንንሽ ፏፏቴዎች አሉ። በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2021) የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ማሩንማ የቀመሰ ያውቀዋል።

ታዲያ አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት የስድስት ዓመት ወንድ ልጃቸውንና የአሥር ዓመት እህቱን ይዘው ወደዚያው ሄዱ። የባልየው እናት «ሕፃን ይዞ ደጋ ለደጋ ምን ይሉታል? ብርድ ይመታዋል» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ትንሹ ልጅ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደው። አባት «ጀግናዬ!» እያለ ከኋላው ሮጠ። ሐይቁ ዳር በልተው፣ ጠጥተው፣ ፎቶ ተነስተው አሥር ሰዓት አለፈ። ከዚያ መመለስ መጣ። ልጁ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ቁጭ አለ። ፈረስ ቢፈለግ ባለ ፈረሶቹ ወደየቤታቸው ገብተዋል። ይባስ ብሎ ዝናቡ ጀመረ። አባትየው ልጁን አዘለው፤ በየሃያ እርምጃው እየቆመ፣ እያለከለከ ወጣ። ጨለማው ሲይዛቸው ልጁ «አባዬ፣ ጥለኸኝ አትሂድ» ማለት ጀመረ። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ መኪና ግባ በተባለ ቁጥር «ወደዚያ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ባልና ሚስቱም «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ተባባሉ።

አማቲቱ በብርዱ ፈረዱ። እኔ ግን የምፈርደው በዳገቱ ነው። ሌላ ተራራ ላይ በጠዋት ጉልበት ይወጡና ሲደክሙ ቁልቁል ይመለሳሉ። ወንጪ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ደስታው መጀመሪያ፣ ዕዳው መጨረሻ! ልጅ ደግሞ ለመመለሻ ብሎ ጉልበት አይቆጥብም፤ ያለውን ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ይጨርሰዋል። አየሩም ስስ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ደጋውን ስለለመደው ብዙም አይቸገርም፤ ከድሬዳዋ ወይም ከባሕር ማዶ ለእረፍት የመጣ ልጅ ግን በደረሰ ማግሥት እዚያ ባይወጣ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ይሰንብት። ራሴን አመመኝ፣ አስመለሰኝ ካለ «ስንፍና ነው» ብለው አይቆጡት፤ ይመልሱት።

ስለዚህ ፈረሱን ለመውረጃው ሳይሆን ለመውጫው ይያዙ። ዋጋውንም ሰዓቱንም ጠዋት፣ ከላይ ሳሉ ይነጋገሩ። ከውሃውና ከስንቁ ግማሹ ለዳገቱ ይቀመጥ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም፣ ፊትዎን ወደ ላይ ያዙሩ።

ጀልባውስ? ደሴቲቱ ላይ የወንጪ ቂርቆስ ገዳም አለ፤ መሻገሩ ደስ ይላል። ነገር ግን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ እንደ ሶደሬ መዋኛ ደረጃ የለውም። ለልጅ ልክ የሚሆን መንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ፣ ወይም ጀልባው ከሞላ፣ ይቅርብዎ። ገዳሙን ከዳር ሆኖ ቢሳለሙትም አይቀየምዎ!

ለጀማሪ ቤተሰብ ግን የእኔ ምርጫ የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ነው። እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሰማይ ጠቀስ ነው፤ ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያቅፉት ግንድ አለ። ጉሬዛው ከላይ ይዘላል፤ ዕድለኛ ከሆኑ የምኒልክ ድኩላም ያያሉ። ፏፏቴው ትንሽ ነው፤ «ጢስ ዓባይን አየሁ» ብለው አይመለሱም። በመስከረምና በጥቅምት ውሃው ሞልቶ ሲወርድ ግን ለልጅ ከበቂ በላይ ነው። በበጋ ይሳሳል። በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ትልቁ ጥቅሙ በደከማቸው ጊዜ መመለሻው ቅርብ መሆኑ ነው።

ያ ቤተሰብም ከወራት በኋላ እዚያ ሄደ፤ አያትየውም አብረው። እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ዛፍ ሥር ቡና ሲያስፈሉ፣ ልጁ አሥራ አንድ ጉሬዛ ቆጥሮ፣ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ወንጪን ግን እስካሁን እምቢ ብሏል። አባትየው አልገፋውም፤ ደግ አደረገ።

የሚለብሱትን በተመለከተ፣ የትምህርት ቤት ቆዳ ጫማ ያዳልጣል፤ ሶሉ የሚይዝ ስኒከር ይሻላል። ሹራብና የዝናብ ልብስ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ኮፍያም ይያዙ፤ የደጋ ፀሐይ ቀዝቅዛ ሳለች ታቃጥላለች። የምንጩ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ለልጅ አያጠጡ። ባዶ ፕላስቲኩን ይዘው ይመለሱ።

ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የመንገዱ ሰላም ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። ዋዜማውን አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ «ይቅር» ካለዎት ስንቁን ቤት ይብሉት።